ቢጫው ዓመት

ሙርዲና ምን ልሳል ብላ ተጨንቃ አታውቅም። ወቅቱ ራሱ እጇን ይዞ ይወስዳታል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጎረቤቶቿ የናቁትን ጠባሳ ያለበት ፖም በቅርጫት ትሰበስባለች። በረዶው ወርዶ መንገዱ ሲዘጋ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ሽንኩርት፣ የደረቀ ዓሣ፣ የተሸረፈ ጎድጓዳ ሳህን ትደረድርና እነሱን ትስላለች። በጸደይ ቀዩ አፈር ተገልብጦ ሲታይ ሸራዋን መኪናዋ ላይ ጭና ትወጣለች፤ በበጋ ደግሞ ከባሕሩ አፋፍ አትጠፋም። የመንደሯ የካትለር ኮቭ ሰዎች «ወሩን የምናውቀው ሙርዲና መኪናዋን ካቆመችበት ቦታ ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ባሏ ባርተን የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ስለ ሥዕሎቿ ክፉም ደግም ተናግሮ አያውቅም። ከቤት ስትወጣ የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባሕሩ ሲመለስ ካየሽ ዕቃሽን ትተሽ ሩጪ። ሸራ ይገዛል።» በዚያ አገር ባሕሩ ጠዋት ማታ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሲሄድ ቀዩን ጭቃ ዓይን እስከሚደርስበት ገልጦት ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ሙርዲና ከሆሊስ ጋር አንድ የፖም እርሻ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ቆመው ይስሉ ነበር። ሆሊስ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ሚስቱ በሞተችበት ጊዜ ከቤት አልወጣም ሲል ጎትታ አውጥታ ብሩሽ ያስጨበጠችው ሙርዲና ናት፤ ከዚያ ወዲህ አብረው ሳይስሉ፣ አብረውም ሳይጨቃጨቁ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

ሆሊስ ብሩሹን ሊያጥብ ጎንበስ ሲል የእሷን ሸራ አየና ቆም አለ።

«ሰማዩን ምን አደረግሽው?»

«ምን ሆነ?»

«ቅቤ ቀባሽው እኮ።»

«መሸ፤ ብርሃኑ ነው» አለችው።

«ገና አሁን ከምሳ መነሳታችን ነው፣ ሙርዲና።»

ዞር ብላ የእሱን ሸራ አየች። የሆሊስ ሰማይ ለእሷ ዕቃ የታጠበበት ውኃ መሰላት። እንደ ልማዷ ልትተርበው አፏን ከፈተችና ተወችው። እሱ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ አሁንም የእሷን ያያል።

«አይ፣ ያምራል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ድፍረት የሌለኝ።»

ቤት ገብታ ሰማያዊውን ቱቦ ጨመቀችው። የወጣው ቀለም አመድ አመድ የሚል አረንጓዴ ነበር። አርጅቶ ነው ብላ አዲስ ገዛች፤ አዲሱም ያው ሆነ። መስኮት አጠገብ ይዛው ቆማ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ደጋግማ አነበበች። ጽሑፉ ሰማያዊ ነው ይላል፤ ቀለሙ ግን አይልም። ያን ጊዜ አባቷ ትዝ አላት።

አባቷ የፖም ገበሬ ነበር። ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። እሷ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ሰማዩ ምን ይመስላል?» ይላታል። «ሰማያዊ ነው» ስትለው፣ «ሰማያዊማ ስንት ዓይነት አለ፣ ልጄ፤ ደህና አድርገሽ እይና ንገሪኝ» ይላት ነበር። ቀለም ማየት የተማረችው ለእሱ ስትነግር ነው። አሁን እሷም አባቷ ያረጀበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች፤ ቤቱም ያው የእሱ ቤት ነው፣ በረንዳውም ያው በረንዳ። ተራዬ ደረሰ ብላ አሰበች።

ለማንም አልተናገረችም። ስሙ ካልተጠራ አይመጣም ብላ ይሁን፣ ሐኪሙ «በቃሽ» ቢለኝስ ብላ ይሁን፣ ለራሷም አልገባትም። ብቻ ያን ዓመት በረዶው ቶሎ መውረዱ ደስ አላት፤ ቤት ለመቀመጥ ምክንያት ሆነላት።

እናም በበረዶው ወራት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን መሳል ያዘች። ሽንኩርት ሳለች። በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ላይ አድርጋ ሳለች። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል ጓሮው ላይ የተከመረውን በረዶ ሳለች። ቀለም የምትቀላቅለው የመቀላቀያ ገበታዋን እያየች አልነበረም፤ ከብዙ ዘመን ልማድ የተነሳ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ዓይኗ ቅቤ ነው ካላት እጇ ቅቤውን ያመጣል፤ ዓይኗ ማር ነው ካላት ማሩን። ነጭ ሳህን ነጭ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ዕድሜዋን በሙሉ የምታየውን እንጂ የምታውቀውን ሥላ አታውቅም፣ አሁንም እንዲያው ሆነ።

ቤት ውስጥ ሌላ ሌላውም ነገር መበላሸት ጀመረ። ማታ ማታ መኪና መንዳት አቆመች፤ የሚመጣው መኪና መብራት ዓይኗ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ይፈስባታል። ባርተን «ዳቦ አልቋል» ሲላት «ነገ ይገዛል» ትለዋለች። ከእራት በኋላ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ያንንም ተወች፤ ቀዮቹን፣ ልቡንና ዳይመንዱን፣ ከጥቁሮቹ መለየት አቃታት፣ «ደከመኝ» ብላ ቀድማ ትተኛለች። አንድ እሑድ ባርተን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያቀበለችው ካልሲ አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘና ሆሊስ ሙሉ ሳምንት ሳቀበት።

«ሚስትህ ቀለም አዋቂ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለው።

ባርተን ካልሲውን ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁለቱም ይሞቃሉ» አለ።

በመጋቢት ጌይል መጣች። ጌይል በአጎራባቹ ከተማ ትንሽ የሥዕል መሸጫ ያላት፣ ፈጣን ተናጋሪ ሴት ናት። በየጸደዩ የሙርዲናን አዳዲስ ሥዕሎች መርጣ ትወስዳለች። ያን ቀን ከነካፖርቷ ቆማ ግድግዳውን አንድ በአንድ ስታይ ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ጌይል ዝም ስትል ደግሞ ያስፈራል።

«ሙርዲና፣ ምን ነካሽ?» አለች በመጨረሻ።

ሙርዲና ነገሩ የታወቀባት መሰላትና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እንደዚህ ዓይነት ነገር ከአንቺ አይቼ አላውቅም። ይሄ ዓሣ ወርቅ ነው። ይሄ በረዶ፣ እጄን ብዘረጋ የሚያሞቀኝ ነው የሚመስለው። በዚህ ዕድሜሽ ሌላ ሰው ሆንሽ እኮ! ሁሉንም እወስዳለሁ።»

«ሁሉንም?»

«አንዱን ብታስቀሪ እጣላሻለሁ።»

በግንቦት ትርኢቱ ተከፈተ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሙርዲና እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ተወድሳ አታውቅም። የጋዜጣ ሰው መጥቶ ስለ «ወርቃማው ዘመኗ» ጠየቃት። አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ «ከበረዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙቀት እንዴት አወጣሽ?» ስትላት፣ «እንዲሁ መጣልኝ» አለች። ውሸት አልነበረም፤ ግን እንደ ውሸት አነቃት። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ዕውርነቴን ነው እያለች በእጇ የያዘችውን የፖም ጭማቂ ሳትቀምስ አስቀመጠችና መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እንዲያ መወደሷ ደግሞ አፏን ይበልጥ ዘጋው። አሁን ብትናገር የጌይልን ፊት እንዴት ታያለች?

ባርተን ግን በጓሮው በረዶ ሥዕል ፊት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠየቃት።

«ያ የእኛ ጓሮ ነው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ።

ሰኔ ገባ። ሆሊስ ጉልበቱን አሞት ስለነበር ሙርዲና ብቻዋን ወጣች። ባሕሩን ከሣር ሜዳው የሚለየው የአፈር ግድብ አለ፤ ከግድቡ ማዶ ውኃው ሲሄድ ቀይ ጭቃው እንደተወለወለ ቆዳ ያበራል፣ በመካከሉም ጠመዝማዛ ቦይ ይቀራል። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቦታ ነው። ግድቡን ወርዳ ሣሩ ከሚያልቅበት፣ ከቦዩ ማዶ ባለች ደረቅ ጉብታ ላይ የሸራ ማቆሚያዋን ተከለችና መሳል ጀመረች።

ያን ቀን ሥራው እምቢ አላት። ጭቃው ቡናማ፣ ሰማዩ ቡናማ፣ ውኃውም ቡናማ። እየፋቀች፣ እየደገመች፣ ሰዓቱን ረሳችው። ቀና ስትል ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣባታለች። ዓለሙ ሁሉ አንድ ወፍራም ወርቃማ ጭጋግ ሆነባት። ግድቡ የቱ ጋ እንደሆነ በግምት ታውቃለች እንጂ አይታያትም። ዕቃዋን ሰበሰበችና የሚያብረቀርቅ ደረቅ ጭቃ የመሰላትን ረገጠች። ውኃ ነበር። ባሕሩ በቦዩ በኩል ዞሮ ከኋላዋ ገብቷል።

አንድ እግሯ እስከ ጉልበት ሰመጠ። ሌላውን ለማንሳት ስትሞክር እሱም ሰመጠ። የቀለም ሣጥኗ ከእጇ አምልጦ ሲንሳፈፍ ድምፁን ሰማች። ያኔ አልጮኸችም። ለማን ትጮኻለች? ወደ የት ዞራ? ቆማ ውኃው በጭኗ ዙሪያ ሲላወስ ታዳምጥ ነበር።

«ሙርዲና።»

የባርተን ድምፅ ነው፤ ሳይጮኽ፣ ሞተር ቤቱ ውስጥ መፍቻ አቀብዪኝ እንደሚላት ዓይነት።

«እዚህ ነኝ» አለች።

«አይሻለሁ። አትታገዪ። ፊትሽን ወደ ድምፄ አዙሪ።»

«እኔ ግን አላይህም፣ ባርተን።»

«እሺ። እንግዲያው እያወራሁ እመጣለሁ» አለና ያ ንግግር የማያበዛ ሰው ማውራት ጀመረ። ስለ ጎረቤታቸው ላም አወራ፣ ስለ ዘይት ማጣሪያ አወራ፣ ሾርባው ምድጃ ላይ እንዳለና ማጥፋቱን እርግጠኛ እንዳልሆነ ነገራት። ድምፁ እየቀረበ መጣ። ከግድቡ አጥር የነቀለውን ጣውላ ጭቃው ላይ አንጥፎ በሆዱ ተኝቶ ብብቷን ያዛት። ቦት ጫማዎቿ ጭቃው ውስጥ ቀሩ፤ እሷ ግን ወጣች።

ግድቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ከእግር እስከ ራሳቸው በጭቃ ተለውሰው። ማቆሚያዋ ከነሸራው ውኃው ላይ ተጋድሞ ሲሄድ ባርተን አየው፤ አልነገራትም።

«እንዴት መጣህ?»

«ሰዓቱ ደረሰ፣ አንቺ አልመጣሽም። ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ እኔ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም።»

ከዚያ በኋላ ነገረችው። ሰማያዊው እንደጠፋ፣ ሁሉ ነገር ቢጫ እንደሆነ፣ ካርታውን፣ የመኪናውን መብራት፣ አባቷን፣ ሁሉንም። ስትጨርስ ባርተን እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር፤ ሱሪውም ጭቃ ስለነበር ምንም አልረዳውም።

«ይሄ ነው?» አላት።

«ያንሳል?»

«እኔ እኮ ከእኔ የሰለቸሽ መስሎኝ ነበር።»

«ምን?»

«ካርታ ተውሽ። ሳናወራ ትተኛለሽ። ፊቴን ቀና ብለሽ አታዪኝም። የበረዶውን ወራት ሁሉ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት። ሆሊስንም ልጠይቀው አስቤ ነበር።»

«ሆሊስን?»

«ደግሞ ማንን ልጠይቅ?»

ሙርዲና ሳቅም ለቅሶም በአንድ ላይ መጣባት። ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ የደበቀችው ደግሞ ለካ እሱንም በሌላ በሽታ ሲያሳምመው ከርሟል።

«ያ በረዶ ቢጫ መሆኑን አይተህ ነበር?» አለችው ቆይታ።

«አይቻለሁ። አንቺ ካልሽ ይሆናል አልኩ።»

በማግስቱ ባርተን ራሱ ሐኪም ቤት ደውሎ ቀጠሮ ያዘላት። የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ኩሪ የምትባል፣ ቤተሰቦቿ ከሊባኖስ የመጡ፣ ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። የሙርዲናን አገጭ ማስደገፊያው ላይ አስደግፋ፣ ጠብታ አድርጋ፣ በብርሃን ወዲያም ወዲህም አየቻት። ባርተን ጥግ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

«አባትዎ በምን እንደታወሩ ያውቃሉ?» አለች ሐኪሟ።

«የዓይን ግፊት ነው ብለውን ነበር። ከዳር እየጠበበ ነው የሄደው።»

«የእርስዎ እሱ አይደለም። ግፊትዎ ደህና ነው፣ ከኋላ ያለው ነርቭም ጤነኛ ነው። የእርስዎ የዓይን ሞራ ነው። በዓይንዎ ውስጥ ያለው መስታወት ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል። እሱን አውጥተን ንጹሕ እናስገባለን።»

ሙርዲና አገጯን ከማስደገፊያው አላነሳችም።

«ወይዘሮ ሙርዲና? ሰሙኝ?»

«እንደገና ይንገሯት» አለ ባርተን ከጥግ። «እኔም አልሰማሁም።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችላቸው። ከተማው ውስጥ ካሉት ሽማግሌዎች ግማሾቹ እንዳሠሩት፣ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ቤታቸው እንደገቡ ነገረቻቸው። ከክፍሉ ወጥተው መኪናው ውስጥ ሆነው የተጠበሰ ዓሣ ከነወረቀቱ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሉ። ከዚያ በፊት ዓሣ እንዲያ ጣፍጧት እንደሆነ አታስታውስም። የባርተንንም ድርሻ ስትጨርስ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያላየ መሰለ።

የቀዶ ሕክምና ተራዋ በነሐሴ ደረሰ፤ መጀመሪያ የቀኝ ዓይኗ ተሠራ። በማግስቱ ማሸጊያው ሲነሳ ከፊቷ የቆመችው ነርስ የለበሰችው ሸሚዝ ሰማያዊ ነበር። ምንም የተለየ ሸሚዝ አይደለም፤ ነርሶቹ ሁሉ የሚለብሱት ነው። ሙርዲና ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ያምዎታል?» አለች ነርሷ።

«አይ። ሸሚዝሽን ነው የማየው» አለች ሙርዲና፣ እንባዋን እየጠረገች። ነርሷ ለብዙ ሰው ሸሚዟን አሳይታለች መሰል አልገረማትም፤ ቆመችላት።

ቤት ሲገቡ ግን ሌላ ጉድ ጠበቃት። ወጥ ቤቱ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየች።

«ባርተን፣ ይሄ ቤት እንዲህ ሲቆሽሽ ዝም ትላለህ?»

«ትናንት አጽድተሽው ነው የሄድሽው።»

«ይሄንን አጽድቼ?» ጣቷን በመደርደሪያው ላይ ሳበችና አሳየችው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። ቀስ ብላ ቀርባ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። «አንተ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«አንቺ ስትስዪ» አለ ባርተን። ፊቱን ግን ከእጇ አላወጣም። ያን ምሽት ካርታ ተጫወቱና አሸነፈችው።

የግራው ዓይን እስኪሠራ ድረስ በመካከሉ ጊዜ ነበር። በመስከረም የዱር ቤሪ ቁጥቋጦ የሸፈነው ሜዳ ደም መስሎ ሲቀላ ሆሊስ ጉልበቱ ተሽሎት አብረው ወጡ። እስከዚያ ቀን የሆነውን አልነገረችውም ነበር፤ ባርተንንም እኔ ራሴ እነግረዋለሁ ብላ ከልክላዋለች። ሁለት ሸራ ጎን ለጎን አቆመች። አንድ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና አንዱን ሣለች፤ ከዚያ ጨርቁን ወደ ሌላው አዛውራ ሌላውን ሣለች። ሆሊስ መጀመሪያ ያላየ መሰለ፤ በኋላ ግን አላስችለው አለ።

«የባሕር ላይ ሽፍታ ለመሆን ነው?»

«ና እይ» አለችው።

መጥቶ አየ። በአንዱ ሸራ ላይ ሜዳው በማር የተነከረ ይመስላል፤ ሰማዩም መሬቱም ከአንድ ምድጃ የወጡ ናቸው። በሌላው ላይ ቀዩ ቀይ ነው፤ በላዩ ያለው ሰማይ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ በድንጋዮቹ ሥር ያለው ጥላ ወይን ጠጅ። ሆሊስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያይ ቆየና፣

«የትኛው ነው ልክ?» አለ።

«ያ ባለ ማሩ የታመመው ዓይኔ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በእሱ ነበር የማየው። ሞራ ነው፣ ሆሊስ። ያ ሁሉ ወርቅ ሞራ ነበር።»

ሆሊስ ብሩሹን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ሞራ?»

«ሞራ።»

«ስሚኝ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ። ፊቱ ቀልቷል። «እኔ በጸደይ የሠራሁትን አይተሻል?»

«አላሳየኸኝም።»

«አላሳየሁሽም፤ ለምን? ቢጫ ቱቦ ስገዛ ነበር የከረምኩት! ሙርዲና የደረሰችበት ልድረስ ብዬ በረዶ ወርቅ አድርጌ ቀባሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ወርቅ አድርጌ ቀባሁ። የእኅቴን ድመት ሳይቀር! እኅቴ አይታ ‹ድመቴን ጉበቷን አሟት ነው?› አለችኝ።»

ሙርዲና ሜዳው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሆሊስ መጀመሪያ ሊቆጣ ሞከረ፤ ከዚያ እሱም ተሸነፈና ጉልበቱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ሳቁ ሲበርድ። «ያኔ እኔ ቤቴን ዘግቼ ስቀመጥ አንቺ በሬን ስትደበድቢ አልነበረም?»

«ፈርቼ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር እኮ በሩን የዘጋሁት።»

ቴርሞሱን ከፍታ ሻይ ቀዳችለት፤ ተቀበላት።

ለጌይልም ደወለች። ይህ ከሁሉም የከበዳት ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«አሁን ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ?» አለች ጌይል።

«ለገዙት ሰዎች እንድትነግሪልኝ። የማይፈልግ ይመልስ።»

ጌይል ለሁሉም ነገረች። ማንም የመለሰ የለም። ዓሣውን የገዛው ጥርስ ሐኪም እንዲያውም «እናቴ ሞራ ነበራት፤ ዓለም እንዲህ ነበር የሚታያት ማለት ነው?» ብሎ ሥዕሉን ከመጠበቂያው ክፍል አንሥቶ መኝታ ቤቱ እንደሰቀለው ጌይል ነገረቻት። ሙርዲና እነዚያን ሥዕሎች ልትጠላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልጠላቻቸውም። ያየችውን ነው የሣለችው፤ ያየችው ደግሞ ያ ነበር።

ሁለተኛው ዓይኗ የተሠራው ቅጠሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው በረዶ ወረደ፤ ሌሊቱን ጥሎ ማለዳ ላይ ጸጥ ብሎ አቆመ። ሙርዲና ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ በረንዳው ላይ ወጣች። በረዶው ላይ ያረፈው የዛፎቹ ጥላ ሰማያዊ ነበር፤ ከዛፍ ሥር ጠቆር ያለ፣ ወደ ሜዳው ሲወጣ ሳሳ ያለ፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ብትቆጥር የማትጨርሰው ያህል ዓይነት ሰማያዊ። አዲሱን ማቆሚያዋን አውጥታ ተከለችና ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች ቀለም መጭመቅ ጀመረች። ከዚያ ቆም አለች።

«ባርተን!»

ባሏ የሻይ ኩባያ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ያን ዝገታም ጭነት መኪናህን ከዚያ አንሣልኝ። መሃሉን ያዘብኝ።»

ባርተን መኪናውን አየ፣ እሷን አየ። «አምና እዚያው ቆሞ ነበር። ምንም አላልሽም።»

«አምና አላየሁትም።»

«ለካ አምና ጥሩ ነበር» አለ፤ ግን ኩባያውን አጠገቧ አስቀመጠላትና ቁልፉን ሊያመጣ ገባ። መኪናው በብርድ አልነሣም ብሎ ሲያጉረመርም፣ ባርተንም አብሮት ሲያጉረመርም ይሰማታል። በመጨረሻ ተነሥቶ ቀስ እያለ ከጓሮው ወጣ። ጎማዎቹ በረዶው ላይ ሁለት ረጅም መስመር ትተው ሄዱ፤ መስመሮቹም ውስጣቸው ሰማያዊ ነበር። ሙርዲና ልትቆጣው አስባ ተወችው። እነሱንም ሣለቻቸው።